ቀስት የሌለበት አገር

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ወንድሜ ሁለት ደብተር ገዛልኝ። አንዱ የሥራ ነው። ሌላውን «ይኼ የራስሽ ነው፣ የፈለግሽውን ጻፊበት» ብሎ ሰጠኝ። የምፈልገውን ስለማላውቅ የሆነውን እጽፋለሁ።

ወንድሜና ጓደኛው ጌም እየሠሩ ነው። ወንድሜ ኮዱን ይጽፋል፣ ጓደኛው ይሥላል። እኔ ሥዓሊው እለዋለሁ። ከጫማ ጠጋኙ በላይ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይተዋል፤ የማስቲሽ ሽታ ከታች እየወጣ ራስ ያዞራል። ጌሙ ሰፊ አገር ነው። ተራራ አለው፣ ሐይቅ አለው፣ ጫካና የውሃ ወፍጮ አለው። አንድ ሰውዬ አህያው ጠፍታበት ይፈልጋታል። በቃ። ወዴት ሂድ፣ ምን አድርግ የሚለው የለም።

የእኔ ሥራ ሰው ሲሞክረው ከኋላ ተቀምጬ ማየት ነው። የት እንደቆመ፣ የት እንደተሰላቸ እጽፋለሁ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ የሚጫወተውን ሰው ማንም አይረዳውም። ቢለምን እንኳ። ወንድሜ «ለዚህ ሥራ ካንቺ የተሻለ ከየት ይመጣል? አፍሽን ለመክፈት እንኳ ቀጠሮ ትይዣለሽ» አለኝ። ሥዓሊው ሳቀ። እሱ ሹክሹክታ ብሎ ነው የሚጠራኝ፣ ስናገር ድምፄ ስለማይሰማው።

ደስ ብሎኛል። ዝም በማለት የሚሠራ ሥራ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው ሞካሪ ከጫማ ጠጋኙ አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ ሆነ። ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ መጣ። ጆይስቲኩን እንደ መቀስ በጣቶቹ ጫፍ ያዘው። ሐይቁ ዳር እስኪደርስ እየሳቀ ነበር። ከዚያ ቆመ። ዞረ። ተመለሰ። እንደገና ሐይቁ ዳር መጣ።

«አሁንስ?» አለ።

ማንም አልመለሰለትም።

«ኧረ ሰዎች፣ አሁን የት ልሂድ?»

ወንድሜ ጣሪያውን ያያል። ሥዓሊው ጥፍሩን። እኔ ደብተሬን።

«አህያዋን ተዉአት፣ እኔ ራሴ ጠፍቻለሁ!» ብሎ ተነሣ። አንገቱን አልቦታል። «ሰው ጠርቶ እንዲህ ይደረጋል?» እያለ ነው ደረጃውን የወረደው።

እሱ ከወጣ በኋላ ተጨቃጨቁ።

«ቀስት እናድርግለት» አለ ሥዓሊው። «ከላይ አንዲት ትንሽ ቀስት ወዴት እንደሆነ ታሳየው። ጥግ ላይ ደግሞ ካርታ።»

«ቀስት ካደረግክለት ቀስቷን ነው የሚያየው። ተራራህን ማንም አያይልህም።»

«ተራራውን የሣልኩት እኔ ነኝ። ትናንት እኔ ራሴ ጠፍቼበታለሁ።»

«መጥፋቱ እኮ ነው ጌሙ! ሰው ራሱ ፈልጎ ያገኘውን አይረሳውም።»

«ስማኝ፣ ሰው እኮ ከሥራ ደክሞ ገብቶ ነው የሚከፍተው። ሐይቅ ዳር ገትረህ ካቆምከው ይዘጋዋል። ከዘጋው ደግሞ ፍልስፍናህን ማን ይሰማልሃል?»

ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። እኔ እንዲህ ነኝ፤ መጨረሻ የተናገረው ሁሉ ልክ ይመስለኛል።

የካቲት 9፣ እሑድ

እማዬ ዛሬም ተረኛ ናት። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ እሑድ የሚባል አያውቅም።

አባዬ «ይኼ አምፖል ደክሟል» አለ። ባለፈው ሳምንት የቀየርኩት ነው። ሌላ ልገዛ ወጣሁ። ባለሱቁ «እናንተ ቤት አምፖል ትበላላችሁ እንዴ?» አለኝ። አምፖሉን ይዤ የብሬን መልስ ሳልቀበል መጣሁ። ተመልሼ መጠየቅም አፍሬ ቀረሁ።

አባዬ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጡረታው ሳይደርስ ወገቤን አመመኝ ብሎ ተወው። በሥራው ዘመን እሱ አንድም ሰው መንገድ ጠይቆ እንደማያውቅ ሁልጊዜ ይናገራል። «ሰው እኔን ነው የሚጠይቀው» ይላል።

ወገቡን ግን ሲያመው አይቼ አላውቅም።

ቤት ውስጥ አንዳንድ ነገር አስተካክያለሁ። ሻይ በነጩ ስኒ፣ ወተት በሰማያዊው ነው የምሰጠው፤ እንደዚያ ሲሆን ሳይነካው አያልፍም። ሳሎንና ኩሽና መሃል ያለችው ደረጃ ጫፍ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌያለሁ። ምሳ ሲደርስ ሬዲዮኑን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ አስቀምጣለሁ፤ እሱም ዜና ሊሰማ ይመጣና ይቀመጣል። ምንም አልለውም። እሱም ምንም አይለኝም። እማዬ ከሥራ ስትገባ «ይቺ ልጅ ደግሞ ዕቃ ማዟዟር ለመደች» ትላለች።

ትምህርት ያቋረጥኩት ለአንድ ዓመት ነው። ስምንተኛን ጨርሻለሁ። ትንሽ ስለደከመኝ ነው። ወደ ሥራ ክፍሉም የምሄደው ከሰዓት፣ እማዬ ቤት ስትገባ ነው። ያ ሰዓት ስለሚመቸኝ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

በችኮላ። ዛሬ ሦስት ሞካሪ። ሁሉም ሐይቁ ዳር ቆሙ። አንዷ ከወፍጮው ጀርባ ያለው መሻገሪያ ድልድይ አጠገብ ደርሳ ሳታየው ተመለሰች። እግሬ ሊነሣ ነበር። ምላሴን ነከስኩ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ክፍሉ ውስጥ ነገር አለ። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ሥዓሊውን ና ብሎታል። መጋቢት መጨረሻ ላይ የጌም ትርኢት ስላለ እስከዚያ እጠብቃለሁ ብሏል። ሰዉ ሐይቁ ዳር ቆሞ የሚሄድ ከሆነ ግን ክፍሉን ይለቃሉ፣ ወንድሜም ሥራ ይፈልጋል። ይህን ሲያወሩ እኔ መኖሬን ረስተዋል። ብዙ ጊዜ ይረሱኛል።

በኋላ ሥዓሊው ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«አንቺ ሹክሹክታ፣ ሁልጊዜ ታያለሽ እንጂ አትናገሪም። ይኼ ሕዝብ ድልድዩን እንዲያገኝልን ምን ይደረግ?»

«ጭስ» አልኩ።

«ምን?»

«ጭስ… ከወፍጮው ጀርባ ጭስ ቢወጣ።»

«ጮክ በይ፣ ጎረቤት የለንም።»

«ሣሩም ቢረገጥ። ሰው የሄደበት ቢመስል። ሲመሽ ደግሞ ወፍጮው መስኮት ላይ መብራት ቢበራ፣ ሰው ወደዚያ ይሄዳል። ማንም ሂድ ሳይለው ራሱ የሄደ ይመስለዋል።»

ሁለቱም አዩኝ። ፊቴ ጋለ። ሥዓሊው «ይኼን ከየት አመጣሽው?» አለ።

«እንዲሁ» አልኩ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ፀጉር አስተካካዩን ለምነው መለሱት። ሐይቁ ዳር ደረሰ። ቆመ። ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ያ ጭስ ምንድን ነው?» አለ፣ ለራሱ። ሄደ። የተረገጠውን ሣር ይዞ በወፍጮው ጀርባ ዞረ። ድልድዩን ተሻገረ።

«አገኘሁት! ራሴ አገኘሁት!» ብሎ ከወንበሩ ዘለለ። «አያችሁ አይደል? ማንም አልነገረኝም!»

ወንድሜ እንደ ሕፃን አቀፈኝ። «በቃ፣ ቀስት የሚባል ነገር እንዳልሰማ» አለው ሥዓሊውን። ሥዓሊው እጁን አነሣ፤ «እጄን ሰጥቻለሁ፣ ግን ጭሱን የሣልኩት እኔ ነኝ።»

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ አጠረኝ። ሰውን ሳያፍር መምራት ይቻላል ማለት ነው። ይህን እኔ አውቄዋለሁ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ግድግዳው ስስ ነው። እማዬና አባዬ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ዓይንህን ታይ እኮ ነው የምልህ። ሌላ ምን አልኩህ?»

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ቤት አልውል።»

«እንግዲያው የምትውለውን ጠይቂያት። ምን ጥዬ ሰብሬ አውቃለሁ? ከምን ተጋጭቼ አውቃለሁ?»

እማዬ ጠዋት ልትወጣ ስትል ጫማዋን እያሰረች ጠየቀችኝ። «አብረሽው የምትውዪው አንቺ ነሽ። የሚያስቸግረው ነገር አለ እንዴ ልጄ?»

«የለም» አልኩ።

እውነት ነው። የሚያስቸግረው ነገር የለም። እንዳያስቸግረው አድርጌዋለሁ።

አባዬ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። የሰማ አይመስለኝም።

መጋቢት 7፣ እሑድ

አባዬ ሬዲዮኑ ጋ መጥቶ ሲቀመጥ «ይኼ ሬዲዮ እግር አወጣ፣ ዛሬ ደግሞ እዚህ ነው» አለ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም፣ ግን የተቆጣም አይመስልም። ሻዩን በነጩ ስኒ ጠጣ።

«የለም» ያልኩት ነገር ይመላለስብኛል። አንድ ቃል ናት እኮ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

አባዬ ወደቀ። እጁ።

ሆስፒታል ነን። እየጻፍኩ ያለሁት ጉልበቴ ላይ ነው።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

አሁን ቤት ገብተናል። እጁ በጀሶ ታስሯል። ተኝቷል።

ትናንት ለትርኢቱ ትልቅ ስክሪን ተገዝቶ ነበር። እኔ ከወጣሁ በኋላ ወንድሜ ቤት ከፈተውና ስክሪኑን ወደ ሥራ ክፍል ሲወስድ ባዶ ካርቶኑን ኮሪደሩ ላይ ጥሎት ሄደ። ኮሪደሩ ጨለማ ነው፣ ካርቶኑም ወለሉም አንድ ዓይነት ቡኒ ናቸው። የማያውቅ ሰው ምን ያድርግ? ወንድሜ አያውቅም ነበር። የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ አዲስ ሞካሪ አህያዋን ስታገኝ ያጨበጭብ ነበር። እማዬ ከሥራ ገብታ ጋደም ብላለች። እኔ ደግሞ ስወጣ ሬዲዮኑን ጠረጴዛው ላይ ክፍት አድርጌለት ነበር የሄድኩት። አባዬ ወደ ሬዲዮኑ ሲመጣ ነው ካርቶኑ የጣለው።

እጁን ያየችው ነርስ ዓይኑ ላይ ባትሪ አበራች። ከዚያ ወደ ዓይን ሐኪሟ ላከችን። ሐኪሟ ወጣት ናት። አባዬን አገጩን መሣሪያ ላይ አስደግፋ ብዙ አየችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባት?»

«ምኑ?» አለ አባዬ።

ሐኪሟ ወደ እኛ ዞረች። እማዬ ወንድሜን አየች፣ ወንድሜ እማዬን። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

የዓይን ግፊት ነው። እይታን ከዳር ዳር ቀስ እያለ ይበላል። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ጠብታ ሊያቆየው ይችላል፣ ማታና ጠዋት ሳይቋረጥ። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር» አለች፣ ወረቀቷን እየጻፈች፣ ሳትቆጣ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ወንድሜ ኩሽና መጣ። ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር።

«ታውቂ ነበር?»

ውሃውን አልዘጋሁም።

«ፕላስተሩ… ስኒው… አምፖሉ» አለ። እየቆጠረ ሳይሆን እያየ ነበር፣ በቤቱ ዙሪያ። «አንቺ ልጅ! እኛ ጋ ያመጣሽው ጭስ ከዚህ የሄደ ነው?»

ከዚያ ካርቶኑን በጫማው ደፍጥጦ ወደ ውጭ አወጣው። እዚያው ደጅ ላይ ብዙ ቆመ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ጠብታውን የማደርግለት እኔ ነኝ። ወደ ላይ እያየ ያለ እንቅስቃሴ ይቀመጣል። ዛሬ ጠብታው ስቶ ጉንጩ ላይ ወረደ፤ በመሀረብ ጠረግኩለት።

«ይቅርታ አባዬ» አልኩ። ስለ ጠብታው አልነበረም።

«ወንበር ሲጎተት የማልሰማ መሰለሽ?» አለኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ገና ፕላስተሩን ስትቆርጪው ሰምቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺስ?»

የጠብታውን ጠርሙስ ከደንኩ። «ሌላኛውን ዓይን አትርሺ» አለኝ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ወደ ክፍሉ መሄድ አልፈለግኩም ነበር። እማዬ ፈረቃ ቀይራ ቤት ስለዋለች «ሂጂ፣ እዚህ ቁጭ ብለሽ የአባትሽን ፊት አትጠብቂ» አለችኝ።

የዛሬዋ ሞካሪ የእማዬ የሥራ ባልደረባ ናቸው፤ ልብስ የሚተኩሱት ትልቅ ሴትዮ። ጌም ነክተው አያውቁም። መነጽራቸውን ጠርገው ተቀመጡ። ለአህያዋ አዘኑላት። ሐይቁ ዳር ደረሱ። ጭሱ ይወጣል። አላዩትም። ሣሩንም አላዩትም፤ ለእሳቸው አረንጓዴ ሁሉ አንድ ነው። ሰውየው ውሃው ዳር ወዲያ ወዲህ ይላል። ስክሪኑ ውስጥ መሸ፣ የወፍጮው መብራት በራ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆሙ።

«ልጆቼ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ እኮ አላየሁም።»

ወንድሜ ጣሪያውን አየ። ሥዓሊው ጥፍሩን።

አላየሁም ማለት ቀላል አይደለም። እኛ ቤት ማንም ብሎት አያውቅም። እሳቸው ግን አሉት፣ እንግዳ ቤት ተቀምጠው፣ በሦስት ወጣት ፊት። እኛም ዝም።

«እትዬ» አልኩ። «ወደ ኋላ ይዙሩ። መብራቱ ይታይዎታል? ከእሱ ጀርባ ድልድይ አለ።»

እርሳስ ሲወድቅ ሰማሁ። የሥዓሊው ነው። «ይቺ ልጅ ድምፅ አላት!» አለ።

እትዬ ዞሩ። «እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ» እያሉ ድልድዩን ተሻገሩ። በፀጉር አስተካካዩ ልክ ነው ደስ ያላቸው። ሰው ስለነገራቸው ደስታቸው አልጎደለም። ይህን የሥራ ደብተሩ ላይም ጻፍኩት።

ሲሄዱ ወንድሜ «ሕጉን አፈረስሽው» አለ። ቁጣ ግን አልነበረበትም።

«ጠየቁ እኮ» አልኩ።

ስክሪኑን ትቶ እኔን አየ። «ጭሱ ይቆያል» አለ በመጨረሻ። «ቀስት አይገባም። ግን አንድ ቁልፍ ይኑር። ሰው ሲጫነው ይመለስለት። ያልፈለገ አይንካው።»

«የሚመልስለት ማን ነው?» አለ ሥዓሊው። «ተራራው?»

«ወፍጮ ቤት የምትኖር ሴት ትሁን። ድምፅ ብቻ።»

ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ቦርሳዬን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

አይሆንም አልኳቸው።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

የእትዬ «አላየሁም» ከጆሮዬ አልወጣ ስላለ በመጨረሻ እሺ አልኳቸው። ድምፄን በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ቀዳን፣ የጫማ ጠጋኙ መዶሻ እንዳይገባ። ሥዓሊው «ሹክሹክታ፣ አህያ ነው የጠፋው፣ ሚስጥር አይደለም፤ ጮክ በይ!» ሲል ሳቅ ይዞኝ ደጋግመን ሠራነው። የራሴን ድምፅ ስሰማ የሌላ ሰው መሰለኝ። ትንሽ የእማዬን ይመስላል።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ትርኢቱ አለቀ። አንዳንዱ ቁልፉን ገና ሲጀምር ተጫነው። አንዳንዱ ጭሱን ተከትሎ ሄደ። አንድ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ሁለቱንም እምቢ ብሎ ተራራው ላይ ወጣና ፀሐይ ስትጠልቅ እያየ ተቀመጠ፤ ስለ አህያዋ ቢጠይቁት «የቷ አህያ?» አለ። ወንድሜ ከሁሉም በላይ በእሱ ነው ደስ ያለው። ሐይቁ ዳር ቆሞ የሄደ ግን የለም።

ሥዓሊው ለማስታወቂያ ድርጅቱ እስካሁን መልስ አልሰጠም። የአህያዋን ውርንጭላ መሣል ጀምሯል።

ወንድሜ ወደ ቤት ስንመለስ «የሚመጣው ዓመት ምዝገባ መቼ እንደሆነ ጠይቄልሻለሁ» አለኝ። ምን ምዝገባ ብዬ አልጠየቅኩትም። እሱም አላብራራም፤ አሁን ግን ዝምታችን እንደ ድሮው አይደለም።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

አባዬ ከወደቀ ወዲህ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ወጥቼ ልምጣ አለ። እጁ ገና በጨርቅ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። እማዬ አየችኝ። እኔም እንደ ልማዴ በሩ እስኪዘጋ ጠብቄ ከኋላው ወጣሁ፣ ድምፅ የሌለውን ጫማ አድርጌ።

ግድግዳውን በትከሻው እየዳበሰ እስከ ዋናው መንገድ ሄደ። የትራፊክ መብራቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሰዎች ቀድመውት ተሻገሩ። እሱ ቆመ። መኪኖቹ አለፉ፣ ቆሙ፣ እንደገና አለፉ። ሞተር ሰምቶ መኪናው መቆሙን ማወቅ ለእሱ ምንም አይደለም። ግን አልተሻገረም። እኔም ከኋላው ቆሜ ጠበቅኩ።

«እዚያ እንዳለሽ አውቃለሁ» አለ ሳይዞር። «ቀይ ነው አረንጓዴ?»

አባዬ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

«ቀይ ነው» አልኩ።

«አልሰማሁሽም።»

«ቀይ ነው አባዬ!»

ጋዜጣ የሚሸጠው ሰውዬ ዞሮ አየኝ። አጠገቡ የቆሙትም ዞሩ። ፊቴ ጋለ፣ ግን መሬት አላየሁም፣ መብራቱን ነበር የማየው። ሄጄ ከጎኑ ቆምኩ። አረንጓዴ ሲሆን ነገርኩት።